ሊኑክስና አዲሱ ላፕቶፕ፤ ስለ አለመስማማታቸው የቀረበ የታሪክ ምርመራ

አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስን የጫነበት ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ሰዓት አለች። መኪናው ተነሥቷል፤ ስክሪኑ በርቷል፤ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስላል፤ ዋይፋዩ ግን የለም። ዋይፋዩን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ፋይል የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ወደ ኢንተርኔት የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ ያው ዋይፋዩ ነው።

እኛም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው ይህን በመሰለ ሰዓት ነው። ከመካከላችን አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ እንዲሆነው ቤተሰቡ አዋጥቶ የገዛለትን አዲስ ላፕቶፕ ይዞ መጣ፤ ሊኑክስንም ጫንበት። ዋይፋዩስ ደኅና ሠራ። ካሜራው ግን ከነጭራሹ የሌለ ያህል ሆነ። ከዚህም ሌላ ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ የገባው ላፕቶፕ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ እንደ ምጣድ ግሎ፥ ባትሪውም አልቆ ተገኘ። ጓደኛችን ውጭ አገር ካለው አማካሪ መምህሩ ጋር ፊት ለፊት እየተያየ እንዲነጋገር የተቀጠረበት ቀን ስለ ደረሰ፥ ስልክ ተበድሮ ቀጠሮውን እንደ ምንም ተወጣው። ኋላም፥ «በዊንዶውስ ሲሠራ የነበረ ካሜራ ሊኑክስ ሲመጣ የሚታወረው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ በቅጡ የሚመልስለት ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሁለት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፥ ሊኑክስ በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ሰዎች የተበጀ ስለ ሆነ ሁልጊዜ ጐዶሎ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ተማክረው ሆን ብለው ዘግተውበታል ይላል። እኛ የነገሩን ታሪክ ከሥሩ ስንመረምረው ሁለቱም መልሶች በቂ ሆነው አላገኘናቸውም። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ያገኘነውን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

አስቀድሞ ድራይቨር ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። በላፕቶፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ፥ ዋይፋዩም ካሜራውም ድምፅ ማውጫውም፥ የራሱ ቋንቋ አለው። በዚህ ቍጥር ብትጽፍልኝ እነቃለሁ፤ በዚያኛው ብትጽፍልኝ እተኛለሁ ይላል። ድራይቨር ማለት በዕቃውና የመኪናው ሁሉ አስተዳዳሪ በሆነው በከርነሉ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ ለመሆን ቋንቋውን ማወቅ ግድ ነው። ቋንቋውን የሚያውቀው ደግሞ ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለዊንዶውስ አስተርጓሚውን ራሱ ጽፎ ይሰጣል፤ ለሊኑክስ ሲሆን ግን አንዳንዱ ይጽፋል፥ አንዳንዱ መዝገበ ቃላቱን ብቻ ሰጥቶ ጻፉት ይላል፥ አንዳንዱም ሁለቱንም ይከለክላል። እንግዲህ ታሪኩ በጠቅላላው የዚህ የመስጠትና የመከልከል ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

መነሻው ከሊኑክስ መወለድ በፊት ነው። በ1980 ገደማ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ከዜሮክስ ኩባንያ በመጣ አንድ አዲስ የሌዘር ማተሚያ ላይ ችግር ገጠመው። ማተሚያው ወረቀት በተቀረቀረበት ቍጥር ዝም ብሎ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሌላ ፎቅ ላይ ሆኖ ወረቀቱን ይጠብቃል። ስቶልማን በቀድሞው ማተሚያ ላይ ወረቀት ሲቀረቀር ለተጠቃሚዎቹ መልእክት የሚልክ ማሻሻያ ጽፎ ነበር። ለአዲሱ ማተሚያ ግን የሶፍትዌሩን ጽሑፍ የሚሰጠው አጣ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ ጽሑፉ እንዳለው ሰምቶ ሄዶ ቢጠይቀው፥ ላለመስጠት ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰው። ስቶልማን በ1983 የግኑን እንቅስቃሴ እንዲጀምር ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደ ነበረ ራሱ ደጋግሞ ተርኮታል። ስለዚህ የነጻ ሶፍትዌር ነገር ሲነሣ ብዙዎች ከፍልስፍና የተወለደ አድርገው ቢያስቡትም፥ አንዱ ሥሩ የተቀረቀረ ወረቀት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሄልሲንኪ እንሻገር። በጥር 1991 የ21 ዓመቱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ 386 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ኮምፒዩተር ገዛ። በዚያው ዓመት በነሐሴ 25 ቀን ለሚኒክስ ተጠቃሚዎች በጻፈው መልእክት፥ ለመዝናኛ ያህል አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ገለጠ፤ ከኤቲ ሃርድ ዲስክ በቀር ሌላ ዲስክ የሚደግፍ እንደማይመስለው፥ ያለውም ይኸው ብቻ ስለ ሆነ መሆኑን አብሮ ተናገረ። ይህች ቃል ለጥያቄያችን ታላቅ ትርጉም አላት። ሊኑክስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚደግፈው ጻፊው በእጁ ያለውን ዕቃ ነበር። ኋላም ያደገው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ሌላ ዲስክ ያለው ሰው ለዲስኩ፥ ሌላ የድምፅ ካርድ ያለው ሰው ለካርዱ ድራይቨር እየጻፈ ላከ። ይህ ሥርዓት ለብዙ ዓመት በብዙ ሰው እጅ ለቆየ ዕቃ እጅግ መልካም ነው። ዛሬ ገበያ ለወጣ ዕቃ ግን በባሕርዩ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ዕቃው ገና በማንም እጅ የለም።

በ1990ዎቹ ዓመታት የነበረውን ችግር በረጅሙ መተረክ አያስፈልገንም። በዚያን ጊዜ ስክሪን ለማስነሣት የፈለገ ሰው የሞኒተሩን የፍሪክዌንሲ ልክ ከመጽሐፉ ፈልጎ በፋይል ውስጥ በእጁ ይጽፍ ነበር፤ ከልኩ ያለፈ ቍጥር ቢጽፍ ሞኒተሩ ሊቃጠል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ነበር። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ዊንሞደም የሚባለው መጣ። ቀድሞ ሞደሙ በራሱ ቺፕ ይሠራው የነበረውን ስሌት ፋብሪካዎቹ ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ወደ ፕሮሰሰሩ አዛወሩት፤ ስሌቱን የሚሠራው ሶፍትዌር የተጻፈው ለዊንዶውስ ብቻ ስለ ነበረ፥ ሞደሙ በሊኑክስ ላይ ሽቦ የተንጠለጠለበት ቁራጭ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ዕቃው የተበላሸው በተንኰል አይደለም፥ በርካሽነት ነው። ይህ ምክንያት ኋላ ደጋግሞ ይመለስብናል።

ጥቂት ዘግየት ብለን ልንመረምረው የሚገባን የኤሲፒአይ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 1996 ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በአንድነት አንድ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት የላፕቶፑ ፋብሪካ ስለ ባትሪው፥ ስለ ማራገቢያው፥ ስለ ክዳኑ፥ ስለ እንቅልፉም የሚናገሩ ሰንጠረዦችን በባዮሱ ውስጥ ያኖራል። ሰንጠረዦቹ ደረቅ መዝገብ አይደሉም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቃል በቃል የሚፈጽማቸው ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። እንግዲህ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ውስጥ ፋብሪካው የጻፈው ፕሮግራም አለ ማለት ነው፤ ፋብሪካውም ያን ፕሮግራም የሚፈትነው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነበር። ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ሰንጠረዡን የሚያዘጋጁበት መሣሪያ እየራሳቸው ነበራቸው፤ የማይክሮሶፍቱ ስሕተትን በቸርነት ያልፍ ነበር፤ የኢንቴሉ ጥብቅ ነበር። በማይክሮሶፍቱ የተዘጋጀ የተሳሳተ ሰንጠረዥ በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ ደንቡን ቃል በቃል የሚከተለው ሊኑክስ ላይ ግን ይሰናከላል። ደንቡን ያከበረው ተሳስቶ፥ የጣሰው ትክክል ሆኖ ታየ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነው። ደንቡ ባዮሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድ አበጀ። ባዮሱም እንደ መልሱ ጠባዩን ይለውጣል። የሊኑክስ ሰዎች እውነቱን፥ «ሊኑክስ ነኝ» ብለው ቢመልሱ፥ ፋብሪካው ያልፈተነው የፕሮግራሙ ክፍል ይነሣና ላፕቶፑ ይታመማል። ስለዚህ ከብዙ ክርክር በኋላ ሊኑክስ ሲጠየቅ፥ «ዊንዶውስ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ተወሰነ፤ ዛሬም የሚመልሰው እንዲሁ ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል፤ ዳሩ ግን ዛሬ በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል በየማለዳው ሲነሣ ስሙን እየዋሸ ነው።

በሤራ የሚያምነው ወገን ከሁሉ የሚበረታበት ማስረጃም እዚሁ ላይ ይገኛል። በአሜሪካ በአዮዋ በማይክሮሶፍት ላይ በቀረበው ክስ ከታዩት ሰነዶች አንዱ ቢል ጌትስ በጥር 1999 ለባልደረቦቹ የጻፈው ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው የኤሲፒአይ ደንብ ሊኑክስንም የሚጠቅም መስሎ እንደታየው ጠቅሶ፥ ደንቡን በሆነ መንገድ የዊንዶውስ ብቻ ማድረግ ይገባ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይህ ምኞት እንደ ነበረ የሚያስረዳ እውነተኛ ሰነድ ነው። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ምኞትን ከፍጻሜ መለየት አለበት። ደንቡ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ማንም አንብቦ ሊጠቀምበት ይችላል። ሊኑክስን ለብዙ ዓመት ያስቸገረው ይህ ምኞት ሳይሆን ፋብሪካዎቹ ከአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በቀር በሌላ ለመፈተን ገንዘብ አለማውጣታቸው ይመስለናል። ውጤቱ አንድ ነው የሚል ቢኖር እንኳ መድኃኒቱ አንድ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋይፋይ ጉዳይ ነው። በ2003 ኢንቴል ሴንትሪኖ የሚለውን ስም ይዞ ዋይፋይ ያለባቸውን ላፕቶፖች በዓለም ላይ ሲያስፋፋ ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር አብሮ አላወጣም፤ ያወጣው በ2004 ነው። ብሮድኮም የተባለው ሌላው ትልቅ የቺፕ ሠሪ ግን ለብዙ ዓመት ዝም አለ። ለዚህ ዝምታ ይሰጥ የነበረው ምክንያት፥ የሬዲዮው ኀይልና ፍሪክዌንሲ በሶፍትዌር የሚታዘዝ ስለ ሆነ፥ ምስጢሩ ቢገለጥ ሰዎች ከተፈቀደው ልክ ያሳልፉትና ከመንግሥት የሬዲዮ ተቈጣጣሪዎች ጋር ያጣላናል የሚል ነበር። ምክንያቱ ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። ሆኖም ሌሎች የዋይፋይ ሠሪዎች ያንኑ ሕግ እያከበሩ ድራይቨራቸውን ስለ ሰጡ፥ እንደ በቂ ምክንያት ልንቀበለው አንችልም።

ሰዎቹ ምን አደረጉ? በ2003 ገደማ አንዳንዶቹ ኤንዲአይኤስራፐር የተባለውን ብልኀት አበጁ፤ ይኸውም የዊንዶውሱን ድራይቨር ከሲዲው ላይ አንሥቶ፥ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ እያስመሰለ በሊኑክስ ላይ የሚያሠራ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ረጅሙን መንገድ መረጡ። በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን የብሮድኮምን ድራይቨር እየፈታ ቺፑ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ በቃላት ይጽፋል፤ ሁለተኛው ቡድን ያን ድራይቨር ከቶ ሳያይ፥ በቃላት የተጻፈውን ብቻ አንብቦ አዲስ ድራይቨር ይሠራል። እንዲህ የለዩት አንድ መስመር እንኳ ቀድተዋል ተብለው እንዳይከሰሱ ነው። በዚህ ሁኔታ የተሠራው ድራይቨር በ2006 ወደ ከርነሉ ገባ። ይሁን እንጂ ቺፑ ሲነሣ የሚጫንበት ፈርምዌር የሚባል የኩባንያው ፋይል ያስፈልገው ነበር፤ ያን ፋይል አብሮ ለማደል ፈቃድ ስላልነበረ ተጠቃሚው ራሱ ከዊንዶውሱ ድራይቨር ቈርጦ ማውጣት ነበረበት። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የጠቀስናት ሰዓት ከዚህ ዓይነቱ ክልከላ ትወለዳለች። ብሮድኮም በመስከረም 2010 ለአዳዲስ ቺፖቹ የሚሆን ድራይቨር ከነጽሑፉ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ።

በጥር 2007 የከርነሉ ሠራተኛ ግሬግ ክሮኣ ሃርትማን ለኩባንያዎች ሁሉ፥ የዕቃችሁን መግለጫ ስጡን እንጂ ድራይቨሩን እኛ በነጻ እንጽፍላችኋለን፥ ብታስፈልጉም የምስጢር ውል እንፈርማለን ሲል በይፋ ጠየቀ። ለመጻፍ የተመዘገቡት ፈቃደኞች በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። ይህን የምንጠቅሰው ሊኑክስ ጐዶሎ የሆነው ሠራተኛ ስለ ሌለው ነው ለሚሉት መልስ እንዲሆን ነው።

የግራፊክስ ካርዱ ታሪክ ከዋይፋዩ ጋር ስለሚመሳሰል ባጭሩ እናልፈዋለን። ኤኤምዲ ኤቲአይን ከገዛ በኋላ በመስከረም 2007 መግለጫዎቹን ለመልቀቅ ወሰነ። ኢንቪዲያ ግን የተዘጋ ድራይቨር ብቻ እየሰጠ ቆየ፤ በተለይም በላፕቶፕ ላይ ሁለት የግራፊክስ ቺፕ እየተፈራረቁ የሚሠሩበት ኦፕቲመስ የተባለው ዘዴ ሊኑክስን ብዙ አሠቃየ። በሰኔ 2012 በፊንላንድ በአልቶ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተጠቃሚ ስለዚሁ ጉዳይ ቶርቫልድስን ብትጠይቀው፥ ወደ ካሜራው ዞሮ በጣቱ ምልክት ለኩባንያው የሰጠው መልስ በዚህ መጽሔት ላይ የሚጻፍ አይደለም። ኢንቪዲያ የከርነል ክፍሉን ጽሑፍ ለሕዝብ የለቀቀው በግንቦት 2022 ነው።

በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ቍጥጥር አብሮ መጣ። ላፕቶፑ ሲነሣ የታወቀ ፊርማ የሌለበትን ማንኛውንም ኦፐሬቲንግ ሲስተም አላስነሣም ይላል፤ በየላፕቶፑ ውስጥ የሚገኘው የፊርማ ቍልፍ ደግሞ የማይክሮሶፍት ነው። በኢንቴል ፕሮሰሰር በሚሠሩት ላይ ባለቤቱ ቍጥጥሩን እንዲያጠፋ ተፈቀደ፤ በአርም ፕሮሰሰር በሚሠሩት የዊንዶውስ መኪናዎች ላይ ግን አልተፈቀደም። ማቲው ጋሬት በማይክሮሶፍት የተፈረመች ሺም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አበጅቶ ችግሩ ቀለለ። የሊኑክስ ሥርጭቶች እስከ ዛሬ በዚህች በር ይገባሉ። ሰው በገዛ ገንዘቡ በገዛው መኪና ላይ የመረጠውን ለመጫን የሌላ ድርጅት ፊርማ ማስፈለጉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥበቃው ከክፉ ፕሮግራም የሚያድን መሆኑን ብናምንም እንኳ ቍልፉ በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ገና ያልተዘጋ ነው።

በዚህ ዘመን ከሆኑት ሁለት ነገሮች ፍርድን የሚያስተምሩ ሆነው አግኝተናቸዋል። የመጀመሪያው በጥር 2013 የሆነው ነው። በአንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ሲነሣ መኪናው ዳግመኛ ላይነሣ ሞተ። ሁሉም ሊኑክስን ወቀሰ። ኋላ ጋሬት መርምሮ፥ የባዮሱ ማኅደር ከልክ በላይ ሲሞላ መኪናው እንደሚሞት፥ ይህም ከዊንዶውስ ውስጥ ሊደረግ እንደሚችል አሳየ። ጥፋቱ የፈርምዌሩ ነበር፤ ሊኑክስ ያደረገው ቢኖር ማንም ያልረገጠውን ሣንቃ መርገጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በ2016 የሆነው የሌኖቮ ዮጋ 900 ጉዳይ ነው። ገዢዎች ሊኑክስን ለመጫን ሲሞክሩ ዲስኩ ከቶ አልታይ አለ። ከኩባንያው ሰዎች አንዱ ላፕቶፑ ከማይክሮሶፍት ጋር ባለ ስምምነት የተዘጋ ነው የሚል መልስ በመስጠቱ ቍጣው በየአገሩ ተቀጣጠለ። እዚህ ላይ ሤራ ተገኘ ተባለ። ነገር ግን በጥንቃቄ ሲመረመር፥ ላፕቶፑ የባትሪ ቍጠባን እንዲያሻሽል ተብሎ ዲስኩ በኢንቴል ሬይድ ሥርዓት ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር፤ ለዚያ ሥርዓት ሊኑክስ ድራይቨር አልነበረውም፤ ወደ ተለመደው ሥርዓት የሚመልሰው ምርጫ ደግሞ ከባዮሱ ወጥቶ ነበር። ሊኑክስን ለማገድ የታሰበ ነገር አልነበረም። የከፋውም ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለ እርሱ ከነጭራሹ አልታሰበም ነበር። ሌኖቮ በዚያው ዓመት ምርጫውን የሚመልስ ባዮስ አወጣ። የተቈጣው ሕዝብ ምክንያቱን ቢስትም መፍትሔውን አገኘ፤ ባይጮኽ ግን ባዮሱ መውጣቱን እንጠራጠራለን።

ታዲያ ፋብሪካው አስቀድሞ ቢያስብ ምን ይሆናል? ለዚህ ሁለት ምሳሌ አለ። ዴል በ2012 ስፑትኒክ ብሎ በሰየመው ሥራ ኤክስፒኤስ 13 የተባለውን ላፕቶፕ ከኡቡንቱ ጋር ለሶፍትዌር ሠራተኞች አዘጋጀ። በመጀመሪያ የጣት መዳሰሻው አስቸገረ፤ መዳሰሻውን የሠራው ኩባንያ ራሱ ድራይቨሩን እንዲጽፍ ተደርጎ ችግሩ ተወገደ። ይኸንን ማስደረግ የሚችለው በሺህ የሚቈጠር መዳሰሻ የሚገዛ ደንበኛ ነው እንጂ፥ አንድ ተማሪ ደብዳቤ ቢጽፍ የሚመልስለት የለም።

ሁለተኛው ምሳሌ አገራችንን የሚነካ ነው። ለሕፃናት ትምህርት ተብሎ የተበጀውና ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በብዛት የተሠራው ኤክስኦ የሚባለው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ ከ2008 ጀምሮ በሺህ በሚቈጠር መጠን ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ነበር። ኤክስኦ የተሠራው ከመጀመሪያው ለሊኑክስ ተብሎ ነው። ፕሮሰሰሩ ተኝቶ ሳለ ስክሪኑ ጽሑፉን እያሳየ እንዲቆይ የሚያደርግ የራሱ ቺፕ ነበረው፤ በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው ፊደላችን የታተመበት የአማርኛ ኪቦርድም ተዘጋጅቶለት ነበር። ባለጠጋ የሚገዛው ውድ ላፕቶፕ በቅጡ መተኛት ያልቻለበት ዘመን ላይ የገጠር ልጅ ላፕቶፕ እንዲህ መሆኑ ያስደስታል። ሆኖም የዋይፋዩ ፈርምዌር የተዘጋ በመሆኑ ገና በ2006 ከነጻ ሶፍትዌር ሰዎች ብርቱ ወቀሳ ደርሶበት ነበር። ለሊኑክስ ታስቦ የተሠራው እንኳ ከዚህ ነገር አላመለጠም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ላፕቶፕ እንመለስ። የካሜራው ነገር እንዲህ ነው። ቀድሞ የላፕቶፕ ካሜራ ሁሉ የየራሱ ድራይቨር ያስፈልገው ነበር። ኋላ ዩቪሲ የሚባል የጋራ ደንብ ስለ ወጣ፥ በ2008 ወደ ከርነሉ የገባ አንድ ድራይቨር ለደንቡ የሚታዘዙትን ካሜራዎች ሁሉ ማሠራት ቻለ። ችግሩ አለቀ ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ላፕቶፕ ሠሪዎች ሥዕሉን የሚያስተካክለውን ቺፕ ከካሜራው አውጥተው ርካሽና ቀጭን አደረጉት፤ የማስተካከሉ ሥራ በኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ወዳለ አይፒዩ6 የተባለ ክፍል ተዛወረ፤ ሥዕሉን የሚያሳምረው ሶፍትዌር ደግሞ ዝግ ነው። አንባቢ ዊንሞደሙን ያስታውስ ይሆናል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ያው ታሪክ በካሜራ ላይ ተደገመ። በ2022 ክሮኣ ሃርትማን ይህ ካሜራ ያለባቸውን ላፕቶፖች አትግዙ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው የድራይቨር ክፍል ወደ ከርነሉ የገባው በ2024 በ6.10ኛው እትም ነው።

እንቅልፉም እንዲሁ ነው። የቀድሞው እንቅልፍ ኤስ3 ይባል ነበር፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትእዛዝ ይሰጣል፥ ፈርምዌሩ መኪናውን ያስተኛዋል። በአዲሱ ሥርዓት ግን ላፕቶፑ እንደ ስልክ ሁልጊዜ ግማሽ ነቅቶ እንዲቆይ ተፈለገና ብዙ ፋብሪካዎች ኤስ3ን ከፈርምዌራቸው አወጡት። አሁን እያንዳንዱ ዕቃ በየራሱ መተኛት አለበት፤ አንድ ዕቃ እንኳ አልተኛም ቢል ፕሮሰሰሩ ከሁሉ ዝቅተኛ ወደ ሆነው ዕረፍት አይወርድም። በቦርሳ ውስጥ የጋለው ላፕቶፕ ምሥጢሩ ይህ ነው። በዊንዶውስም ቢሆን ከዚሁ እንቅልፍ የተነሣ የሚያማርር ብዙ ነው፤ ስለዚህ ይህን ለሊኑክስ ብቻ የተጻፈ ዕዳ አናደርገውም።

መቼም መግለጫ ከነጭራሹ በማይሰጥበት ላይ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚቻል ያሳየን የአሳሂ ሊኑክስ ሥራ ነው። አፕል በኅዳር 2020 የራሱን ኤም1 ፕሮሰሰር ይዞ ሲወጣ ስለ ቺፑ የጻፈው መዝገብ አልነበረም፤ ባለቤቱ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዲያስነሣ ግን በሩን ክፍት አደረገው። ሄክተር ማርቲንና ባልደረቦቹ የአፕልን ሲስተም በሥራቸው እያሠሩ ከዕቃው ጋር የሚለዋወጠውን ቃል ሁሉ የሚያዳምጥ ፕሮግራም አበጅተው ቋንቋውን በማዳመጥ ተማሩት። በመጋቢት 2022 የመጀመሪያውን ሙከራ ለሕዝብ አወጡ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ቶርቫልድስ 5.19ኛውን የከርነል እትም ከአፕል ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ለቀቀ። ድምፅ ማጉያዎቹን ግን ለረጅም ጊዜ ዘግተው አቈዩአቸው፤ ጥበቃ ሳይደረግ ድምፁ ቢለቀቅ ማጉያው ሊቃጠል ይችላልና። በ1990ዎቹ ሞኒተር እንዳይቃጠል ይሰጥ የነበረው ማስጠንቀቂያ በሌላ ልብስ ተመልሶ መምጣቱን ስናነብ ሣቅን።

ይህን ሁሉ ከተመለከትን በኋላ ለጓደኛችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ካሜራው የታወረው ሊኑክስ በሚሠሩት ሰዎች ስንፍና አይደለም፤ እንዲታወር የመከረ ሸንጎም አላገኘንም። ርካሽ የሚያደርገው አሠራር ተመረጠ፤ የተፈተነው በአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ቋንቋው ተከለከለ፤ ቋንቋውን ሰምተው የሚማሩት ሰዎች ደግሞ ዕቃውን ያገኙት ከእርሱ ጋር በአንድ ጊዜ ነው። ለመግዛት ያሰበ ተማሪ ቢጠይቀን ዓመት ወይም ሁለት ዓመት የቆየውን ዓይነት እንዲገዛ፥ ከመክፈሉም በፊት የዋይፋዩንና የካሜራውን ቺፕ ስም እንዲጠይቅ እንመክረዋለን፤ ሻጩ ስሙን የማያውቅ ከሆነ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ይዞ ሄዶ በሱቁ ውስጥ አስነሥቶ ይየው።

የጓደኛችን ላፕቶፕ በአዲሱ የከርነል እትም ካሜራው ተከፍቶለታል። ፊቱ ጥቂት ወደ አረንጓዴ ያደላ ሆኖ ይታያል፤ በማታ ደግሞ ይጨልማል። ክዳኑ ሲዘጋ መጋሉን ግን አልተወም፤ ስለዚህ ወደ ቦርሳው ከመክተቱ በፊት ፈጽሞ ያጠፋዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ያስረከበው ከካሜራው መከፈት አራት ወር በፊት ነው።